ናርጊስ፣ ራጅ ካፑር እና ሱኒል ደት፦ ስለ ህንዳዊቷ ተዋናይት የፍቅር ሕይወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በነበረው የህንድ ሲኒማ፣ አብረዋት ከሚተውኑ ወንዶች ጋር ስሟ የናርጊስን ያህል ተያይዞ የተነሣ ተዋናይት ማግኘት ያስቸግራል። ወሬው ብዙ ቢሆንም በእርግጥ የሚታወቀው ፍቅሯ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ያለ ጋብቻ የተቋጨው የራጅ ካፑር ፍቅር ሲሆን ሌላው እስከ ዕለተ ሞቷ የዘለቀው የሱኒል ደት ትዳር ነው። ታሪኩ ሲተረክ አንዱ ወንድ ሜዳ ላይ እንደጣላት፣ ሌላው ወንድ ደግሞ ከእሳት እንዳወጣት ተደርጎ መቅረቡ የተለመደ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን በሁለቱም ጊዜ የወሰነችው እርሷ ራሷ ነበረች። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናርጊስ ማን ነበረች?

የወላጆቿ ስጦታ የሆነው ስሟ ፋጢማ ራሺድ ሲሆን የተወለደችው ጁን 1 ቀን 1929 ነው። እናቷ ጃዳንባይ ዘፋኝና ፊልም ሠሪ፣ እንዲሁም በህንድ ሲኒማ ዜማ በመድረስ ከቀዳሚዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። አባቷ ደግሞ ከሂንዱ ቤተሰብ ተወልዶ እስልምናን የተቀበለ ሰው ነበር። ልጅቷ ሐኪም የመሆን ምኞት ነበራት፤ የቤቱ ወግ ግን ሌላ ስለነበር በ1935፣ ገና ፊደል በመቁጠሪያ ዕድሜዋ፣ ካሜራ ፊት ቆመች። በ1943፣ በ14 ዓመቷ፣ ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን መሪ ተዋናይት አደረጋት። ይህ ሰው ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ሱኒል ደት የሚያደርሳትን ፊልም ይሠራልና ስሙ ከወዲሁ ይያዝልን።

ከራጅ ካፑር ጋር የተገናኙት እንዴት ነው?

ራጅ ካፑር ሃያዎቹን ገና የጀመረ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን ዳይሬክት ለማድረግ የሚሯሯጥ ወጣት ሳለ፣ ስለ ስቱዲዮ ጉዳይ ጃዳንባይን ሊያነጋግር ቦምቤይ ወደሚገኘው ቤቷ ሄደ። እናትየዋ አልነበረችም። በሩን የከፈተችው ናርጊስ ናት፤ ማጀት ውስጥ በሽምብራ ዱቄት ሊጥ የተነከረ ፓኮራ እየጠበሰች ስለነበር እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኗል። ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር ወደ ኋላ ስትመልስ ሊጡ ፀጉሯ ላይ ቀረ። በዚያን ጊዜ እርሷ ስም ያላት ተዋናይት፣ እርሱ ግን የታዋቂ ተዋናይ ልጅ ከመሆኑ በቀር በራሱ ብዙም ያልታወቀ ሰው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ራጅ ካፑር ይህችን ቅጽበት ደጋግሞ ሲተርካት ኖሯል፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1973 ባወጣው «ቦቢ» በተሰኘው ፊልሙም ወጣቷ ገጸ ባሕርይ እጇ በሊጥ ተለውሶ በር እንድትከፍትና ፀጉሯን በዚያው እጅ እንድትነካ አድርጓል። አንድ ሰው በልቡ የያዘውን ነገር ይህን ያህል ዘመን አቆይቶ ለሕዝብ ሲያሳይ ስናይ፣ የተያዘበት ስሜት የአንድ ሰሞን እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ግንኙነታቸው እውነተኛ ፍቅር ነበር ወይስ ለፊልም ማስታወቂያ የተነዛ ወሬ?

እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ከሥራው ነጥሎ ማየት ስለማይቻል «ፍቅር» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። ሁለቱ አብረው 16 ያህል ፊልሞች ላይ ተውነዋል። በ1948 የወጣው የራጅ ካፑር የመጀመሪያ ፊልም ላይ የነበረችው ናርጊስ፣ በ1949 «ባርሳት»፣ በ1951 «አዋራ»፣ በ1955 «ሽሪ 420» ላይም ከጎኑ ነበረች። አር ኬ ተብሎ የሚጠራው ስቱዲዮው ለዘመናት የተጠቀመበት ዓርማ በአንድ እጁ ቫዮሊን የያዘ ወንድ በሌላው ክንዱ ላይ የተንጋለለች ሴት ደግፎ የሚያሳይ ሲሆን፣ የተወሰደውም ከ«ባርሳት» ነው። ሴቲቱ ናርጊስ ናት። ይህም ማለት ከስቱዲዮው ከወጣች በኋላ በተሠሩት ፊልሞች ሁሉ መግቢያ ላይ ተመልካቹ የእርሷን ቅርጽ ሲያይ ኖሯል ማለት ነው።

በስቱዲዮው ውስጥ የነበራት ቦታ ከተቀጣሪ ተዋናይት በላይ ነበር። «አዋራ» እየተሠራ ሳለ ገንዘብ ሲያጥር ጌጧን ሸጣ እንደደጎመች የሚተርኩ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ያ ፊልም ከህንድ አልፎ በ1954 ሶቪየት ኅብረት ሲታይ በዚያ አገር የውጭ ፊልም እምብዛም ያላገኘውን ዓይነት ተቀባይነት አግኝቷል፤ ሁለቱም ሞስኮ ድረስ ተጉዘው ሕዝቡ እንደ ዘመድ ተቀብሏቸዋል።

የዚህን ግንኙነት ውስብስብነት ከብዙ ሐሜት ይልቅ አንዲት ትዕይንት ታሳያለች። በ«ሽሪ 420» ውስጥ ሁለቱ በዝናብ አንዲት ጃንጥላ ተጋርተው የሚዘፍኑበት፣ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ትዕይንት አለ። ዘፈኑ እኛ ብንሞት ትዝታችን ይቀራል ወደሚለው ሐሳብ ሲደርስ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሦስት ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፋሉ። ሦስቱም የራጅ ካፑርና የሕጋዊ ሚስቱ የክሪሽና ልጆች ናቸው። ከሦስቱ ትንሹ፣ በኋላ እውቅ ተዋናይ የሆነው ሪሺ ካፑር፣ ውሃው ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሲያስለቅሰው ቸኮሌት እሰጥሃለሁ ብላ ያባበለችው ናርጊስ እንደነበረች ራሱ ተናግሯል። ይህን ካወቁ በኋላ ያችን ትዕይንት እንደ ድሮው ማየት የሚከብድ ይመስለኛል።

ይህን ያህል ከተፋቀሩ ለምን አልተጋቡም?

ምክንያቱ አጭር ነው፤ ራጅ ካፑር ባለትዳር ነበር። ክሪሽናን ያገባው በ1946፣ ከናርጊስ ጋር መሥራት ከመጀመሩ በፊት ሲሆን አምስት ልጆችም ወልደዋል። እርሱ ደግሞ ሂንዱ ነው፤ በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ በመላ አገሪቱ ለሂንዱ ወንድ ሁለተኛ ሚስት ማግባትን ከለከለ፤ በቦምቤይ ግዛት እንዲያውም ክልከላው ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረ ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ ክሪሽናን መፍታት ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን አላደረገም።

ራጅ ካፑር ሚስቱ የልጆቹ እናት፣ ናርጊስ ደግሞ የፊልሞቹ እናት እንደሆነች ይናገር ነበር ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም የተመቸው ለተናጋሪው ብቻ ነው። አንዷን በቤት፣ ሌላዋን በሥራ ቦታ አስቀምጦ ለራሱ ሁለቱንም ያስቀራል፤ ቤትና ልጅ ለምትመኝ የ26 ዓመት ሴት ግን የሚሰጣት ነገር የለም። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ዓይነቷ ሴት ያሉት ቃላት ከባድ ናቸው፤ ለወንዱ ግን ተመጣጣኝ ቃል እንኳ የለንም። የዘመኑ የህንድ ጋዜጦችም ከዚህ የተለየ ሚዛን አልነበራቸውም።

የተለያዩት መቼ ነው? የተዋትስ እርሱ ነው?

በ1956 ነው፤ ጥላ የሄደችውም ናርጊስ ናት። በዚያ ዓመት የመሪ ተዋንያን ጥምረታቸው የመጨረሻ የሆነው «ቾሪ ቾሪ» ወጣ። በዚያው ዓመት በስቱዲዮው በተሠራው «ጃግቴ ራሆ» ላይ ደግሞ በመዝጊያው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ብቅ ብላ ታየች። ከዚያ በኋላ ለሥራ ወደ ስቱዲዮው አልተመለሰችም።

የመለያየቱን ምክንያት በአንድ ጠብ ላይ የሚያሳብቡ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ሁለት ነገሮች ተደራርበው የመጡ ይመስለኛል። አንደኛው ከላይ የተገለጸው የጋብቻው መንገድ መዘጋት ነው። ሁለተኛው ሥራው ነው፤ የስቱዲዮው ፊልሞች ከዓመት ዓመት በወንዱ ገጸ ባሕርይ ዙሪያ መሽከርከራቸው እየበረታ ሲሄድ ለእርሷ የሚተርፈው ቦታ እየጠበበ ነበር። ለዓመታት ከሌሎች ዳይሬክተሮች ይልቅ ለእርሱ ቅድሚያ ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ መህቡብ ካን ከሙሽርነት እስከ እርጅና ያለውን የአንዲት ገበሬ ሕይወት ሙሉውን የሚሸከም ሚና ይዞላት ሲመጣ እሺ አለች። ያ ፊልም «ማዘር ኢንዲያ» ነው።

ከተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር ጋርስ ግንኙነት ነበራት?

በርካታ ፊልሞች ላይ ተጣምረው ስለሠሩ ጥያቄው ይነሣል፤ ከሥራ ያለፈ ነገር እንደነበራቸው የሚያሳይ ግን የለም። ግምቱን ያባባሰው በ1949 የወጣውና ናርጊስን በዲሊፕ ኩማርና በራጅ ካፑር መካከል ያቆማት «አንዳዝ» የተሰኘው የመህቡብ ካን ፊልም ሳይሆን አይቀርም። ተመልካች የሸራውን ታሪክ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ይወዳል።

ሱኒል ደት ከእሳት አወጣት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1957 መጀመሪያ ላይ የ«ማዘር ኢንዲያ» ቀረጻ በጉጃራት ገጠር ይካሄድ ነበር። በታሪኩ መሠረት እናቲቱ ራዳ ሸፍታ የወጣውን ልጇን ቢርጁን ፍለጋ በሚነድ የሣር ክምር መካከል መግባት ነበረባት። ክምሩ የእውነት ተለኮሰ፤ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር እሳቱ ከታሰበው በላይ ተንቦገቦገና ናርጊስ በነበልባል ተከበበች። ቢርጁን የሚጫወተው ሱኒል ደት ብርድ ልብስ ይዞ ገብቶ አወጣት። እርሱ ፊቱና ደረቱ ላይ ተቃጠለ፤ ለቀናትም ትኩሳት ጣለው።

አብዛኛው ተራኪ እዚህ ላይ ሲደርስ መጋረጃውን ይዘጋል፤ ዋናው ነገር ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የታመመውን ሰው አጠገቡ ተቀምጣ ያስታመመችው ናርጊስ ነበረች። በዚያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የነበረው የደረጃ ልዩነት ሰፊ ነው፤ እርሷ በአገሪቱ ግንባር ቀደም ተዋናይት፣ እርሱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሲኒማ የገባ፣ በህንድና በፓኪስታን ክፍፍል ከትውልድ ቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ እየሠራ የተማረና በሬዲዮ ሲሎን የታዋቂ ተዋንያንን ቃለ ምልልስ ያቀርብ የነበረ ወጣት ነው። በቤተሰቡ እንደሚነገረው ልቡን የቆረጠው በእሳቱ ቀን አልነበረም። እህቱ ታማ ቀዶ ሕክምና ባስፈለጋት ጊዜ ናርጊስ ለእርሱ እንኳ ሳትነግረው ሐኪም አፈላልጋ ልጅቷን አሳክማለት ስታበቃ ነበር ለጋብቻ የጠየቃት። እርሷም ወዲያው ሳይሆን አስባበት እሺ አለችው።

ከእሳት የማዳኑ ታሪክ ለምን እንደሚበልጥ ግልጽ ነው፤ ለዓይን ይማርካል። ሴቲቱ ስታስታምምና ስታሳክም ግን ካሜራ አልነበረም።

በፊልም እናቱ የሆነችለትን ሰው እንዴት ልታገባ ቻለች?

በዕድሜ ልዩነት የሚጠረጥሩ አሉ። ሱኒል ደት የተወለደው ጁን 6 ቀን 1929 ስለሆነ «እናት» ልጇን የምትበልጠው በአምስት ቀን ብቻ ነው። በፊልሙ ማብቂያ ላይ እናቲቱ የሌላ ሰው ሴት ልጅ ክብር ሊደፍር የተነሣውን የገዛ ልጇን ጠብመንጃ አንሥታ ትገድለዋለች፤ ያንን እያየ ያነባ ሕዝብ ገዳይና ሟች በእውነቱ ዓለም ሙሽሮች መሆናቸውን ቢሰማ ፊልሙን ይጎዳዋል የሚል ስጋት ስለነበር ጉዳዩ በምስጢር ተይዞ ቆየ። «ማዘር ኢንዲያ» ኦክቶበር 1957 ለሕዝብ ቀረበ፤ ሁለቱ ደግሞ ማርች 11 ቀን 1958 ያለ ድግስ ተጋቡ። ያ ዓመት ፊልሙ በውጭ አገር ፊልም ዘርፍ ከኦስካር አምስት እጩዎች አንዱ የሆነበት፣ ናርጊስም ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት የክብር ሽልማት የተቀበለችበት ነው።

የሃይማኖት ልዩነቱ አላስቸገራቸውም?

እርሷ ሙስሊም፣ እርሱ ሂንዱ፤ አገሪቱ በሃይማኖት ተከፍላ ሚሊዮኖች ከተፈናቀሉ ገና 11 ዓመት ሆኗል፤ እርሱ ራሱም ከተፈናቃዮቹ አንዱ ነው። ከዚህ አንጻር ተቃውሞ መኖሩ አያስገርምም። ይሁንና ለናርጊስ ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ የእናትና የአባቷም ጋብቻ ሁለት ሃይማኖት ያገናኘ ነበር። ሦስት ልጆቻቸውም፣ ማለትም ሳንጄይ፣ ናምራታና ፕሪያ፣ የሁለቱም ወገን በዓል በሚከበርበት ቤት አደጉ። ስትሞት ሂንዱው ባሏ በቦምቤይ በሚገኝ የሙስሊሞች መቃብር አሳርፏታል። የአገሪቱ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትም ብሔራዊ አንድነትን ለሚያጎላ ፊልም የሚሰጠውን ዘርፍ ለረጅም ዘመን በእርሷ ስም ሲጠራው ኖሯል።

ትወና የተወችው ባሏ ከልክሏት ነው?

የሚያስብል ማስረጃ የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተሰብ መተዳደሪያ ሆና የሠራች ሴት በ28 ዓመቷ በቃኝ ማለቷ በራሱ የሚገባ ነገር ነው። ደግሞም ጨርሳ አልተወችውም፤ በወንድሞቿ ጥያቄ የተሠራውና በ1967 የወጣው «ራት ኦር ዲን» ላይ ሁለት ማንነት የምትፈራረቅባትን ሴት ተጫውታ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ብሔራዊ ሽልማት ወስዳለች። ከባሏ ጋር ደግሞ የኪነት ቡድን አቋቁመው በድንበር ላይ ለሚገኙ ወታደሮች እየዞሩ ትርኢት ያሳዩ ነበር። የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ለሚረዱበት ማኅበርም ሠርታለች፤ በ1980 የአገሪቱ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆናለች።

ከራጅ ካፑርና ከባለቤቱ ጋር ዳግመኛ ተገናኝታለች?

አዎን፣ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ። ሪሺ ካፑር፣ ያ በቸኮሌት የተባበለው ሕፃን፣ በ1980 ሲያገባ ናርጊስ ከባሏ ጋር ለሠርጉ ወደ ስቱዲዮው መጣች። ሪሺ እንደጻፈው እግሯ ከ1956 ወዲህ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም ነበርና ጭንቀቷ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ክሪሽና ይህን አይታ ወደ ጎን ወሰደቻት፤ የራሷ ባል ራጅ ካፑር መልከ መልካምና በፍቅር የሚነሆልል ሰው መሆኑን፣ የሆነውም እንደሚገባት ነግራ፣ ባለፈው ነገር ራሷን እንዳትወቅስ አጽናናቻት። ሦስት ፊልም ይወጣዋል የሚባልለት የዚህ ታሪክ ትልቁ ንግግር በሁለቱ ሴቶች መካከል የተደረገው ይህ ነው።

ከሱኒል ደት ጋር የነበራት ትዳር እስከ መጨረሻው ዘልቋል?

23 ዓመት ዘልቋል። የቆሽት ካንሰር ይዟት ኒውዮርክ ስትታከም ባሏ ከአጠገቧ አልራቀም። ሜይ 3 ቀን 1981 በ51 ዓመቷ ቦምቤይ ውስጥ አረፈች። ሱኒል ደት ዳይሬክት ያደረገውና ልጃቸው ሳንጄይ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሪነት የተወነበት ፊልም የተመረቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ በምረቃው አዳራሽ አንድ ወንበር ለእርሷ ባዶውን ተትቶ ነበር። ሱኒል ደት በስሟ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2005 እስኪሞትም ሌላ አላገባም።

ታሪካቸውን በፊልም መከታተል የሚፈልግ ሰው ከየትኛው ይጀምር?

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም በሚታይበት ዘመን ያደጉ ሰዎች ሂንዲ ሳያውቁ ዘፈኑን በቃል ሲወጡት ኖረዋልና ቋንቋው አያሳስብ። ከ«ባርሳት» ጀምሮ ወደ «አዋራ» እና «ሽሪ 420» መሄድ፣ ከዚያም «ማዘር ኢንዲያ»ን ማየት ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። በመካከል ግን «ጃግቴ ራሆ» አይዘለል፤ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች። ራጅ ካፑር በዚያ ፊልም ውስጥ ውሃ ጠምቶት ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ የገባ የገጠር ሰው ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድደው ያድርና አንዲት ጉንጭ ውሃ የሚሰጠው ይጠፋል። ሲነጋጋ ከአንድ ግቢ የዜማ ድምፅ ይሰማል፤ ናርጊስ ውሃ እየቀዳች ነው። ሰውዬው እጁን አጣምሮ ይጎነበሳል፤ እርሷም ታፈስለታለች፣ እርሱም እስኪጠግብ ይጠጣል።